የማንግሮቭ ችግኝ በከባድ ብረት በተበከለ ጭቃ ላይ ለምን ይቀጭጫል?

የተከበሩ ጠያቂ፣

ጥያቄዎን ለሌሎች አንባቢዎች በአጭሩ ላስቀምጠው። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅለውን ዛፍ ማንግሮቭን በሚያፈላ የችግኝ ጣቢያ ይሠራሉ። ከጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ባለው ረግረግ ላይ የተከላችኋቸው ችግኞች የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት በሌላ ቦታ ከተተከሉት ሳይለዩ አድገዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቁመታቸው ባለበት ቆሟል፣ የሚያወጡት አዲስ ቅጠል አንሷል፣ እሱም ወደ ቢጫነት አድልቷል። የጭቃው የላቦራቶሪ ውጤት መዳብና ዚንክ ከፍ ማለታቸውን፣ እርሳስም በመጠኑ መኖሩን አሳይቷል። ችግኞቹ ስላልሞቱ አለቆችዎ «ማንግሮቭ ከባድ ብረትን የሚቋቋም፣ እንዲያውም ባሕሩን የሚያጸዳ ዛፍ ነው፤ ምክንያቱ ሌላ መሆን አለበት» ብለዋል። እርስዎም ከባድ ብረቶች በማንግሮቭ እድገት ላይ በእርግጥ ምን እንደሚያደርጉ፣ ጉዳታቸውንም ከሌላ ችግር እንዴት እንደሚለዩት ጠይቀዋል።

አለቆችዎ ከተናገሩት የመጀመሪያው እውነትነት አለው። ማንግሮቭ ብዙ የእርሻ ሰብሎችን በሚጎዳ የመዳብና የዚንክ መጠን ውስጥ በሕይወት መቆየት ይችላል። ስሕተቱ ያለው ከዚህ ተነሥቶ «ካልሞተ አልተጎዳም» ወደሚል ድምዳሜ መድረሱ ላይ ነው። ማንግሮቭ ብረቶቹን የሚቋቋመው በአብዛኛው ወደ ግንዱና ወደ ቅጠሉ እንዳያልፉ ሥሩ ላይ በማስቀረት ነው፤ ይህ መከላከያ ደግሞ ዋጋ ያስከፍለዋል፤ ዋጋውም ኃይል፣ ኦክስጅንና የሥር እድገት ነው። ስለዚህ ተክሉ ቆሞ ይታያል፣ ነገር ግን ማደግ የሚገባውን ያህል አያድግም። ጉዳቱ የሚጀምረውም ማንም በማያየው ከጭቃው በታች ባለው ክፍል ስለሆነ፣ ቅጠሉ ላይ ምልክት ሲታይ ነገሩ ከጀመረ ሰንብቷል ማለት ነው።

ችግኛችሁ አቪሴኒያ ማሪና የሚባለው ግራጫ ማንግሮቭ እንደሆነ በመገመት እቀጥላለሁ፤ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በተፈጥሮ በስፋት የሚገኘው እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላልና። ይህ ዝርያ በአውስትራሊያዋ ሲድኒ ዙሪያ፣ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ በሚገባባቸው የባሕር ወሽመጦች ዳርም ስለሚበቅል፣ ለከባድ ብረት የሚሰጠው ምላሽ ከሌሎቹ የማንግሮቭ ዝርያዎች በተሻለ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የዚያ አገር ተመራማሪዎች ዘሩን መጠኑ በታወቀ መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ በተቀላቀለ ጭቃ ውስጥ እየዘሩ እድገቱን ለክተዋል። በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ጭቃ ውስጥ 400 ሚሊግራም መዳብ ሲኖር የሥር እድገት ታግዷል፣ የተክሉ አጠቃላይ ክብደትም ቀንሷል፤ 800 ሚሊግራም ሲደርስ ዘሩ ከጭቃው መውጣት ራሱ ተሰናክሏል። ዚንክ 500 ሚሊግራም ሲሆን ቁመት፣ የቅጠል ብዛትና ስፋት፣ የሥርም እድገት ሁሉም ቀንሰዋል፤ 1000 ሚሊግራም ላይ ችግኞቹ በሙሉ ሞተዋል። ከተዘሩት ዘሮች ግማሹ እንዳይበቅል የሚያደርገው መጠን ለመዳብ 566፣ ለዚንክ ደግሞ 580 ሚሊግራም ሆኖ ተገኝቷል። እርሳስ በአንጻሩ ብዙም ጉዳት አላሳየም፤ የዚህን ምክንያት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከእነዚህ ቁጥሮች መያዝ ያለበት ቁም ነገር ቅደም ተከተላቸው ነው። ተክሉ ከመሞቱ በፊት የሚቀጭጭበት ሰፊ ክልል አለ። በዚያ ክልል ውስጥ ያለ ችግኝ «ጸድቋል» ተብሎ በሪፖርት ይመዘገባል፣ የጽድቀት መቶኛውም ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የታሰበው ደን በቦታው አይገኝም። የጽድቀት ቆጠራን ብቻ የስኬት መለኪያ ማድረግ በተበከለ ቦታ ላይ ለሚካሄድ ተከላ ፈጽሞ በቂ አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። የማንግሮቭ ጭቃ ከላይ ካለው ስስ ሽፋን በታች ኦክስጅን የለውም። ተክሉ ከጭቃው በላይ ቀጥ ብለው በሚወጡት የመተንፈሻ ሥሮቹ አየር ስቦ በውስጡ ባሉ ክፍት ሕብረ ሕዋሳት በኩል ወደ ታች ይልካል፤ ከዚህ ኦክስጅን ጥቂቱ ከቀጫጭኑ ሥሮች ወደ ጭቃው ይሾልካል። የሾለከው ኦክስጅን በጭቃው ውኃ ውስጥ የሟሟውን አይረን (ከከባድ ብረቶቹ እንዲለይ ተራውን ብረት በዚህ ስም እጠራዋለሁ) ያዝገዋል፤ ዝገቱም በሥሩ ዙሪያ ቀላ ያለ ቡናማ ቅርፊት ይሠራል። ከጥቁር ጭቃ ውስጥ ጤናማ ቀጭን ሥር ቀስ ብለው ነቅለው በባሕር ውኃ ቢያለቀልቁት ይህን ቀለም በዓይንዎ ያዩታል። ይህ ቅርፊት መዳብን፣ ዚንክንና እርሳስን በላዩ ላይ አጣብቆ ይይዛል፤ የመጀመሪያው መከላከያ እሱ ነው። የማይፈለገው ውጤቱ ፎስፈረስንም አብሮ መያዙ ነው፤ ስለዚህ በምግብ በደኸየ አፈር ላይ ወፍራም ቅርፊት ለተክሉ ሙሉ ጥቅም አይሆንም።

ሁለተኛው መከላከያ የሥሩ አካል ራሱ ነው። ብረቱ ቅርፊቱን ካለፈ በሥሩ የውጭ ሕዋሳት ግድግዳ ላይ ይያዛል፤ ከዚያም ወደ መሃል ወደሚገኘው የውኃ ማስተላለፊያ ከመድረሱ በፊት ሰም መሰል ነገር የተለበጡ ሕዋሳት ያግዱታል። ብክለቱ ሲጨምር ተክሉ ይህን ግድግዳ ያጠነክራል፤ የሥሩ የውጭ ሽፋን ሊግኒንና ሱበሪን በሚባሉ አጠንካሪ ነገሮች ይደነድናል። በቻይና ደቡባዊ ዳርቻ በሚበቅሉ የማንግሮቭ ዝርያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ነገር አሳይተዋል፤ ሥራቸው የደነደነና ኦክስጅን ብዙም የማያሾልክ ዝርያዎች ብረትን በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ደግሞም ብረት ራሱ ሥሩን እያደነደነ የሚሾልከውን ኦክስጅን ይቀንሳል። የእድገቱ ሒሳብ የሚዛባው እዚህ ላይ ነው። የደነደነ ሥር ውኃንም ናይትሮጅንንም እንደ ልብ አያስገባም። በዙሪያው ያለው ኦክስጅን ሲቀንስ ደግሞ በጭቃው ውስጥ ያለው ሰልፋይድ የሚባለው የድኝ ውሕድ ወደ ሥሩ ይበልጥ ይጠጋል፤ ሰልፋይድ ራሱ ለሥር መርዝ ነው። ተክሉ ከብረት ለመዳን ያነሣው ጋሻ ከሌላ ወገን ለሚመጣ ችግር ያጋልጠዋል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የሥሩ ጫፍ ነው። ሕዋሳት የሚከፋፈሉትና ሥሩ የሚረዝመው በዚያች ጥቂት ሚሊሜትር ርዝመት ባላት ክፍል ነው፤ የውጭው ሽፋን ገና ስላልደነደነም ለብረት የተጋለጠችው እሷ ናት። በተለይ መዳብ የሕዋሳቱን መከፋፈል ያግዳል፣ የሕዋስ ሽፋንንም ይጎዳል። በዚህ የተጎዳ ሥር ሲታይ ጫፉ ደነዝ፣ ጠቆር ያለ፣ አንዳንዴም እብጠት ያለበት ሲሆን በጎኑ ሊወጡ የሚገባቸው ቀጫጭን ቅርንጫፎች ጥቂት ወይም አጫጭር ናቸው። ይህን ምልክት ከቅጠል ቢጫነት ይልቅ እጅግ አምነዋለሁ።

ወደ ቅጠሉ ስንወጣ የብረቶቹ ጠባይ ይለያያል። መዳብና ዚንክ ለተክሉ በጥቂቱ የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ መዳብ በፎቶሲንተሲስ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያቀባብል ፕሮቲን አካል ነው፣ ዚንክም ብዙ ኢንዛይሞች ያለ እሱ አይሠሩም። ተክሉ እነዚህን የሚያስገባበት በር ስላለው ሙሉ በሙሉ ሊዘጋባቸው አይችልም። በሲድኒው ሙከራ ዚንክ በጭቃው በጨመረ ቁጥር በቅጠሉም ጨምሯል፤ መዳብ ግን በአንድ ኪሎ ግራም ጭቃ ከ200 ሚሊግራም አካባቢ በኋላ በሥሩም በቅጠሉም ብዙ መጨመሩን አቁሟል። ዚንክ ሲበዛ አይረንን ይሻማል፤ ስለዚህ አዲሱ ቅጠል በደም ሥሮቹ መካከል ይገረጣል። መዳብ ሲበዛ በፎቶሲንተሲስ የኤሌክትሮን ቅብብል ውስጥ ገብቶ ያውካል፣ ሕዋስን የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ዓይነቶችም ይፈጠራሉ። ተክሉ እነዚህን ለማምከን ፐርኦክሲዴዝ የመሳሰሉ ኢንዛይሞችን ያበዛል፣ ብረቱን የሚያስሩ ትናንሽ ፕሮቲኖችንም ይሠራል። ይህ ሁሉ ሥራ ወደ እንጨትና ወደ ቅጠል ሊሄድ የሚገባውን ናይትሮጅንና ስኳር ይበላል። የፐርኦክሲዴዝ መጨመር ቅጠሉ ላይ በዓይን የሚታይ ነገር ከመምጣቱ በፊት ስለሚጀምር ላቦራቶሪ ያለው ሰው እንደ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊጠቀምበት ይችላል።

አቪሴኒያ አንድ ተጨማሪ መውጫ አለው። ቅጠሉ ላይ ባሉት ጨው አውጪ እጢዎች በኩል ትርፍ ጨውን ያወጣል፤ በደረቅ ቀን ቅጠሉን በጣትዎ ቢነኩ የሚያገኙት ነጭ ብናኝ ያ ጨው ነው። በተበከለ ጭቃ ላይ ባደጉ ችግኞች የጨው ቅንጣት ውስጥ መዳብና ዚንክ አብረው ተገኝተዋል። ይህ ተክሉን በመጠኑ ያሳርፈዋል፤ ሆኖም የወጣው ብረት በውኃ ታጥቦ እዚያው እግሩ ሥር ስለሚወድቅ ከአካባቢው አልራቀም።

እርሳስ ለተክል ምንም ጥቅም የሌለው ነገር ነው፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባውም የተለየ መንገድ የለውም። አብዛኛው በሥሩ የውጭ ቆዳ ላይ ተይዞ ይቀራል፤ ሲድኒ ላይ በጭቃው ውስጥ እስከ 400 ሚሊግራም ድረስ ቅጠል ላይ ሳይደርስ ቆይቷል፣ ከዚያ በላይ ግን መከላከያው ተጥሶ አልፏል። ስለዚህ እርሳስ ብቻውን የችግኞቻችሁን መቀጨጭ ያመጣል ብዬ አላስብም። ይህ ማለት ግን እርሳሱ ችላ ይባል ማለት አይደለም፤ በዚያ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት ሸርጣኖችና ቀንድ አውጣዎች፣ እነሱን የሚበሉትም ዓሦችና ሰዎች የማንግሮቭ ሥር ያለው መከላከያ የላቸውም።

ችግኞቹ የመጀመሪያዎቹን ወራት ለምን ደህና እንደነበሩ ሁለት ምክንያት አለ፤ ሁለቱም በእናንተ ሥራ ላይ አብረው ያሉ ይመስለኛል። አንደኛው የዘሩ ስንቅ ነው። የማንግሮቭ ፍሬ ከእናት ዛፉ ላይ ሳለ መብቀል ይጀምራል፣ ሲወድቅም ወፍራም ክኮቹ በምግብ የተሞሉ ናቸው። ያ ስንቅ እስኪያልቅ ድረስ ችግኙ ከጭቃው የሚፈልገው ጥቂት ስለሆነ የሥሩ መጎዳት በቁመቱ ላይ አይታይም። ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ተካሂደው «ማንግሮቭ ይህን ያህል ብረት ያለ ችግር ይቋቋማል» የሚሉ ሙከራዎችን በጥርጣሬ የማነበው በዚህ የተነሣ ነው፤ የለኩት የእናቲቱን ስንቅ ነው። ሁለተኛው የችግኙ ላስቲክ ነው። በጣቢያው ውስጥ በንጹሕ ጭቃ በተሞላ ላስቲክ ያደገ ችግኝ ወደ ማሳ ሲወጣ ሥሮቹ ለተወሰነ ጊዜ በዚያው በንጹሑ አፈር ውስጥ ይቆያሉ። እድገቱ የሚቆመው ሥሮቹ ያን አልፈው የቦታውን ጭቃ መንካት ሲጀምሩ ነው። የቆመበትን ወር ከተከላው ቀን ጋር አነጻጽሩት፤ በንጹሑ ቦታ ያሉት ችግኞች በዚያው ወር ፍጥነታቸውን የጨመሩ ከሆነ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

የላቦራቶሪው ቁጥር ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአብዛኛው የሚሰጣችሁ ውጤት ጭቃው በጠንካራ አሲድ ሟሙቶ የተገኘ ጠቅላላ መጠን ነው። ተክሉ የሚያገኘው ግን ጠቅላላውን ሳይሆን በጭቃው ውኃ ውስጥ የሟሟውንና በቀላሉ የሚለቀቀውን ነው። ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ሰልፋይድ ከመዳብ፣ ከእርሳስ፣ ከካድሚየምና ከዚንክ ጋር ተጣምሮ በማይሟሟ መልክ ያስቀምጣቸዋል፤ ከሁሉ አጥብቆ የሚይዘው መዳብን ሲሆን ዚንክ ከሱ በቀለለ ይለቀቃል። ያ ጭቃ ተቆፍሮ ወይም ተገልብጦ አየር ሲያገኝ ሰልፋይዱ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፣ አሲድ ይፈጠራል፣ ለዓመታት ታስሮ የቆየው ብረትም ይፈታል። ጀልባ ማቆሚያ ለማስፋት ወይም መተላለፊያ ለመጥረግ አቅራቢያችሁ በቅርቡ ቁፋሮ ተካሂዶ እንደሆነ አጣሩ፤ ለብዙ ዓመታት ጸጥ ብሎ የኖረ ብክለት በአንድ የቁፋሮ ወቅት ሊነሣ ይችላል።

ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ሊሄድ እንደሚችል ከብራዚል የተገኘ ከባድ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2015 በሚናስ ዤራይስ ግዛት የሚገኘው የፉንዳኦ የማዕድን ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 19 ሰዎች ሞቱ፤ ዝቃጩም በዶሴ ወንዝ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ መግቢያው ደረሰ። ዝቃጩ በአይረን ዝገት የተሞላ ነበር፤ ሌሎቹ ብረቶች በዝገቱ ላይ ተጣብቀው ስለነበር መጀመሪያ ላይ ብዙም የማይንቀሳቀሱ መስለው ታዩ። በወንዙ መግቢያ ያለው ረግረግ ግን ኦክስጅን የለውም፤ በዚያ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ዝገቱን ቀስ በቀስ ሲያሟሙት ተጣብቆ የነበረው ብረት አብሮ መለቀቅ ጀመረ። በሰልፋይድ የታሰረው አየር ሲያገኝ፣ በዝገት የታሰረው ደግሞ አየር ሲያጣ ይፈታል። የጭቃውን ጠባይ ሳያውቁ ቁጥሩን ብቻ ይዞ መፍረድ ለስሕተት የሚዳርገው ለዚህ ነው።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን መነሻ ከፈለጉ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የሚጠቀሙበት የደለል ጥራት መመሪያ ለመዳብ 65፣ ለዚንክ 200፣ ለእርሳስ 50 ሚሊግራም በኪሎ ግራም ሲደርስ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግ ይላል፤ የላይኛው ወሰን ደግሞ በቅደም ተከተል 270፣ 410 እና 220 ነው። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የወጡት በጭቃ ውስጥ ከሚኖሩ ትናንሽ እንስሳት እንጂ ከተክል አይደለም። ስለዚህ «ቀጥል ወይም መርምር» ለማለት እንጂ «ችግኙ ያድጋል ወይም አያድግም» ለማለት አይውሉም።

የእናንተ ባሕር የራሱ ተጨማሪ ጫና አለው። የዓለም ውቅያኖስ ጨዋማነት በአማካይ በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ 35 ግራም ያህል ሲሆን በደቡባዊው የባሕረ ሰላጤ ክፍል ከ40 ይበልጣል፣ በተዘጉ የባሕር ጥጎች ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ጨዋማነት ብቻውን የማንግሮቭን እድገት ይገታል፤ ክሎራይድ ደግሞ ካድሚየምን በውኃው ውስጥ እንደሟሟ እንዲቆይ ስለሚያደርገው ለተክሉ ያቀርበዋል። በጨውና በሙቀት የተዳከመ ችግኝ ለመዳብ የሚተርፍ ጉልበት የለውም፤ ስለዚህ ከሲድኒ የተገኙትን ወሰኖች ለእናንተ ቦታ እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ዋስትና አትዩአቸው። ምንጩን በተመለከተ ጀልባ ባለበት ቦታ መጀመሪያ የምጠረጥረው የጀልባ ሆድ ቀለምን ነው። በቆርቆሮ ውሕድ የተሠራው ቀለም እ.ኤ.አ. በ2008 በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከታገደ ወዲህ በጀልባ ሆድ ላይ ነገር እንዳይበቅል የሚቀባው ቀለም በአብዛኛው መዳብ ያለበት ነው። ጀልባዋን ከዝገት ለመጠበቅ ከሥሯ የሚታሰረው ዚንክም እየሟሟ ወደ ውኃው ይገባል። ባሕር ውኃን በሙቀት የሚያጣሩ ጣቢያዎች የሚለቁት ፍሳሽ ከቧንቧዎቻቸው መበላት የተነሣ መዳብ ሊኖረው ስለሚችል በአቅራቢያችሁ ካለ እሱም ይታይ።

ቢጫነቱን ከብረት ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት ግን አንድ ሌላ ነገር መወገድ አለበት። ከምፅዋ አጠገብ በሕርጊጎ ጎርደን ሳቶ የተባሉት ጃፓናዊ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ማንግሮቭ ያበቅሉ የነበሩት ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና አይረን ለችግኙ በመስጠት ነበር። በቀይ ባሕር ዳርቻ ማንግሮቭ የሚበቅለው በዝናብ ወቅት ጎርፍ በሚደርስባቸው ቦታዎች መሆኑን አስተውለው፣ ጎርፉ የሚያመጣው ጥቅም ጣፋጭ ውኃው ሳይሆን እነዚህ ሦስት ንጥረ ነገሮች ናቸው ብለው ነበር የተነሡት፤ ተከላውም አረጋገጠላቸው። የባሕረ ሰላጤው ኖራማ አሸዋም እንዲሁ አይረን የሚያስነፍግ ነው። ስለዚህ የአዲስ ቅጠል መገርጣት ከዚንክ ብዛትም፣ ከአይረን እጥረትም ሊመጣ ይችላል። አሮጌው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የናይትሮጅን እጥረትን አስቡ። በጥቂት ችግኞች ቅጠል ላይ በውኃ የሚሟሟ የአይረን ማዳበሪያ አቅጥናችሁ ብትረጩና አረንጓዴነቱ ቢመለስ አይረን መጉደሉን ታውቃላችሁ፤ ያጎደለው ዚንክ ይሁን አፈሩ ግን በዚህ ብቻ አይታወቅም።

ለዚያ የምመክረው የልውውጥ ሙከራ ነው። ከተጠረጠረው ቦታና ከንጹሕ ቦታ ጭቃ ወስዳችሁ በተለያየ መያዣ ውስጥ አንድ ዓይነት ዘር ዝሩ፤ ውኃው፣ ጨዋማነቱና ጥላው አንድ ይሁን። ጭቃውን ስትወስዱ አታድርቁት፣ አታመሳቅሉትም፤ አየር ካገኘ የምትለኩት የቦታውን ጠባይ አይሆንም። ክኮቹ ከረገፉ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ጠብቁ። በየወሩ ቁመቱን ብቻ ሳይሆን የአንጓዎቹን ብዛትና በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ የቅጠሉንም ስፋት መዝግቡ፤ መጨረሻ ላይ የተወሰኑትን ነቅላችሁ የሥርና የግንዱን ደረቅ ክብደት ለየብቻ መዝኑ፣ የሥሩንም ጫፍ በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። ቅጠል ለላቦራቶሪ ስትልኩ በንጹሕ ውኃ በደንብ ይታጠብ፤ በእናንተ አገር አቧራና በቅጠሉ ላይ ያለው ጨው ውጤቱን በቀላሉ ያዛቡታል። ሥሩም ለብቻው ይላክ፤ ከተቻለ የዝገት ቅርፊቱ ተለይቶ ይለካ። በቅጠል ላይ ብረት አልተገኘም ማለት ተክሉ ነጻ ነው ማለት እንዳልሆነ ከላይ የተናገርኩት በቂ ይመስለኛል።

«ባሕሩን ያጸዳል» ስለሚባለው ነገር ግልጽ ልሁን። ከሪዮ ዴ ጃኔሮ በስተምዕራብ በሚገኘው በሴፔቲባ የባሕር ወሽመጥ፣ ዚንክ ፋብሪካ ብዙ ዚንክና ካድሚየም በለቀቀበት አካባቢ፣ በማንግሮቭ ደን ላይ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ከብረቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚገኘው በጭቃው ውስጥ ነው፤ በግንድ፣ በቅጠልና በሥር ያለው ተደምሮ እጅግ ጥቂት ነው። የማንግሮቭ ጥቅም ብረቱን መጥጦ ማስወጣት ሳይሆን ደለሉን አርግቶ፣ ጭቃውንም አየር አልባ አድርጎ ብረቱን በቦታው መያዝ ነው። ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ግን አገልግሎቱን የሚሰጠው ያደገ ደን እንጂ የቀጨጨ ችግኝ አይደለም፤ ደኑ ሲቆረጥ ወይም ሲቆፈርም የተያዘው ሊለቀቅ ይችላል። በባሕሩ ውስጥ ፍሳሽ እየለቀቁ «ማንግሮቭ ያጸዳዋል» ማለት የዛፉን ባሕርይ አለማወቅ ነው።

ለአሁኑ የተበከለውን ጭቃ ቆፍራችሁ ለማውጣት እንዳትሞክሩ አጥብቄ እለምናለሁ። ያሉትን ችግኞች አትንቀሉ፤ አዲስ ተከላ ግን የልውውጥ ሙከራው እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ጥግ ላይ ይቁም። የጀልባ መፋቂያና መቀቢያ ሥራ ከረግረጉ ርቆ፣ ፍቅፋቂው በሚሰበሰብበት ቦታ እንዲደረግ አለቆችዎን አሳምኑ፤ ምንጩ ካልቆመ የተቀረው ሥራ ሁሉ ትርጉም የለውም። በሙከራው መጨረሻ በሁለቱ ጭቃዎች ያደጉት ችግኞች ሥር ልዩነት ካላሳየ ግን እኔም ብረቶቹን ከጥርጣሬ አወጣለሁ፤ ያን ጊዜ የቦታውን ጨዋማነት በበጋ፣ ባሕሩም ሞልቶ ችግኙን የሚሸፍንበትን ሰዓት ርዝመት ለኩ።